ግልጽ ደብዳቤ፦ «ኔትወርክ የለም» ሪፖርት አይደለም

ይድረስ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ቅርንጫፍ ላላችሁ ባንኮች፣ የጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች የኔትወርክ ክፍል ኃላፊዎች

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነና መፍትሔው ግን በእያንዳንዳችሁ እጅ ስላለ ነው።

ከዳባት ወይም ከደባርቅ ዙሪያ የተነሣ ገበሬ ልጁ ከዐረብ አገር የላከችለትን ገንዘብ ሊያወጣ ዳገት ቁልቁለቱን ተጉዞ ባንክ ይደርሳል። መስኮቱ ላይ የሚሰጠው መልስ «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። ለምን እንደጠፋም ሆነ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረው የለም። ገንዘብ ከፋይዋ አታውቅም፤ ሥራ አስኪያጁም አያውቅም። ብዙ ጊዜ ማዕከሉም ቢሆን የሚያውቀው ቅርንጫፉ ደውሎ ሲነግረው ነው።

የምቃወመው ይህን አሠራር ነው። ብልሽቱን ከተገልጋይ ቅሬታ እየሰማን፣ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ «ኔትወርኩ 99 በመቶ አገልግሎት ሰጥቷል» ብለን እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ጥፋት አማካይ ቁጥሩን ማመናችን ነው። እስቲ ይህን 99 በመቶ አብረን እናስላው። የ30 ቀን ወር 720 ሰዓት አለው፤ አንድ በመቶው 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። መቋረጡ ሌሊት ከሆነ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። በደመወዝ ሰሞን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከጀመረ ግን አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ጠፋ። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም። አማካዩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይደብቃል። 100 ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት 99ኙ ያለማቋረጥ ቢሠሩና አንዱ የደጋ ቅርንጫፍ ወሩን ሙሉ ተዘግቶ ቢከርም፣ ሪፖርቱ ያው 99 በመቶ ነው። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን በእንግዳ ስትሞላ መስመሩ የሚጨናነቅባቸው ቀናትም በወሩ አማካይ ውስጥ ሟሙተው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጥፋት ማሽኑ መብራቱን እንደ አገልግሎት መቁጠራችን ነው። ራውተሩ ለፒንግ መልስ ስለሰጠ ሰው ተስተናግዷል ማለት አይደለም። ቅርንጫፉ በሳተላይት የሚገናኝ ከሆነ ምልክቱ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይወርዳል፤ አንድ ጥያቄ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንድ ሂሳብ ለመክፈት ብዙ ጥያቄና መልስ የሚመላለስበት ሲስተም በዚህ መስመር ላይ እየተንፏቀቀ፣ የማዕከሉ መከታተያ ሰሌዳ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሊውል ይችላል።

ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚያነጋው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ፤ ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጸመ፤ ያለ አግባብ ወጣ የተባለውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ይወጣ በነበረባቸው ሰዓታት መስመሩ ክፍት ነበር፤ ኤቲኤሙም ይከፍል ነበር። መሥራት አለመሥራትን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ እንዲያ ያለውን ሌሊት እንከን የለሽ ብሎ ይመዘግበዋል።

ሦስተኛው ጥፋት ምክንያቱን አለመለየት ነው። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል መብራት መጥፋቱን፣ የፋይበር መቆረጡን፣ የማማ መበላሸቱን፣ የራውተር መቃጠሉንና የማዕከሉን ሲስተም መውደቅ በአንድ ስም ይጠራል። አንዱን የሚጠግነው መብራት ኃይል፣ ሌላውን ቴሌ፣ ሌላውን እናንተ ናችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ በእሱ ላይ የተደገፈ ሥራ ሁሉ ቆሟል። በውሳኔ የተዘጋና በብልሽት የወደቀ መስመር በሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ውስጥ ከገቡ፣ ከዚያ ሪፖርት ማንም የሚማረው ነገር የለም።

ሌላ አሠራር ሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዳባት የምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትንና ሞትን የሚመዘግበው ቤት ለቤት እየዞረ ነው። ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ቢቆጥር ኖሮ በቤቱ የሞተውን ሰው አያውቀውም ነበር። የኔትወርክ መለኪያም እንዲሁ አገልግሎቱ ከሚሰጥበት ቦታ መነሣት አለበት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየቅርንጫፉ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጡ። በየ5 ደቂቃው እንደ ገንዘብ ከፋይዋ ሲስተሙ ውስጥ ገብታ የሙከራ ሂሳብ ትጠይቅ፤ መልሱ የወሰደውን ጊዜና ትክክል መሆኑን ትመዝግብ፤ መስመር ሲቋረጥ መረጃውን ይዛ ቆይታ ሲመለስ ትላከው። ሪፖርቱ በየቅርንጫፉ ይለይ፤ በሥራ ሰዓት ይሰላ፤ ከሁሉ የተጎዳውን ቅርንጫፍ ስም አስቀድሞ ይጥራ። ከእያንዳንዱ መቋረጥ ጎን መነሻው፣ የቆየበት ሰዓትና የሚመለከተው አካል ይጻፍ። ለተገልጋዩም በሩ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ወይም በአጭር መልእክት ይነገረው፤ ከቤቱ ሳይነሣ ቢያውቅ የአንድ ቀን ጉዞ ይተርፈዋል።

በጀት የለም እንዳትሉኝ። ዛቢክስ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኝ መከታተያ ነው፤ ናጊዮስም በነጻ የሚገኝ ዓይነት አለው። ተከታትሎ የሚሠራ ባለሙያም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ይመረቃል።

ዋናው እንቅፋት ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀይ ቁጥር ያቀረበ ባለሙያ በስብሰባ ላይ ስለሚወቀስ ቁጥሩን አስውቦ ማቅረብን ይማራል። ይህን መስበር የምትችሉት ኃላፊዎች ናችሁ። ጉድለቱን ፈጥኖ ያሳወቀውን አመስግኑ፤ የደበቀውን ጠይቁ።

በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ግምገማችሁ ላይ «በአማካይ 99 በመቶ» የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ አትቀበሉት። የደባርቅ ቅርንጫፍ በገበያ ቀን ስንት ሰው ሳያስተናግድ እንደመለሰ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ኔትወርኩ ገና አልተለካም።

ከሰላምታ ጋር፣
በጎንደር የሚኖር የኔትወርክ ባለሙያ