ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፣ ፌስታሉም ይኸው

ባለፈው እሁድ የሰፈር ጨዋታ ለማየት ወደ ቂሊንጦ ወርደን ነበር። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለችው አቧራማ ሜዳ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሩ የተመልካቹ ዓይን ከኳሱ ላይ ተነሳ። ከጎሉ ጀርባ አንድ የጋሪ ፈረስ መሬት ላይ ይንከባለላል። ይነሳል፣ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፣ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ላብ አጥምቆታል። ባለቤቱ፣ በዕድሜ ከእኛ የማይበልጥ ልጅ፣ ልጓሙን ይዞ «ተነስ አንተ፣ ተነስ የኔ ጌታ» ይለዋል።

ደጋፊ መቼም ምክር አያጣም። አንዱ «አረቄ አጠጡት» አለ፤ ሌላው «አስሩጡት፣ ይለቀዋል» አለ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተፈልጎ ሲደርስ መሽቶ ነበር፤ ፈረሱም አልተረፈም። ባለሙያው ሆዱን ከፍቶ ሲያሳየን አንጀቱን ጥርቅም አድርጎ የዘጋው የፌስታልና የገመድ ጥቅል ነው። እዚያ ሜዳ ዳር በየሳምንቱ ቆሎ የምንገዛበት ዓይነት ፌስታል! ማን ጣለው? ምናልባት እኛው።

ውድ አንባብያን፣ «የፈረስ ሆድ ስፖርት ገጽ ላይ ምን ዶለው?» ትሉን ይሆናል። እኛ እኮ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን «ፈረሰኞቹ» ብለን የምንጠራ፣ ነገሥታቱንም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስማቸው የምናወድስ ሰዎች ነን። ስሙን ከወደድነው ፈረሱንም እንወቀው።

ፈረስ ሲፈጠር ማስመለስ አይችልም። የበላው ነገር ካልተስማማው ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ወደፊት ብቻ ነው። ወደፊት ያለው መንገድ ደግሞ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ትልቁ አንጀት ሰፋ ብሎ ይመጣና አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ድንገት ይጠባል። የቃሊቲን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደረቅ ገለባ፣ አሸዋ ወይም ፌስታል እዚያ ከተሰካ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ጋዝና ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ፋንድያ ይቀራል፤ ሕመሙም ይጀምራል። የጤነኛ ፈረስ ልብ እረፍት ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከ60 ካለፈ ነገሩ አስጊ ሆኗል ማለት ነው።

አብዛኛው የፈረስ ቁርጠት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ሐኪሙ በአፍንጫው ቱቦ ወደ ጨጓራው አስገብቶ ጋዙንና ፈሳሹን ያወጣለታል፣ ውኃና ማለስለሻ ዘይት ይሰጠዋል፣ ሕመሙን በመርፌ ያስታግሳል። በዚህ ካልተከፈተ ወይም አንጀቱ ከተጠማዘዘ የሚቀረው ኦፕራሲዮን ነው። ፈረሱ ሙሉ ማደንዘዣ ይወስድና በማንሻ ተነስቶ በጀርባው ይተኛል። ሆዱ በመሃል መስመር ይከፈታል። የተጠማዘዘው ይፈታል፣ የተደፈነው ተከፍቶ ይታጠባል፣ የሞተው ክፍል ካለም ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል። ከዚያ የወራት እረፍት አለ።

ይሠራል ወይ? በደንብ ነዋ! በእ.ኤ.አ. 2012 እና 2013 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ፈረስ የተባለው ዋይዝ ዳን፣ ግንቦት 2014 ላይ ቁርጠት ይዞት ኬንታኪ ውስጥ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ሆዱ ተከፍቷል። ብዙ ሰው «አለቀለት» ሲል፣ በ106ኛው ቀን ሳራቶጋ ላይ ወጥቶ ውድድር አሸነፈ። ጉልበቱ ተሰፍቶ ወደ ሜዳ የተመለሰ ተጫዋች ብርቅ ለሚሆንብን ለእኛ ይኼ ትልቅ ታሪክ ነው።

ግን ወገን፣ ራሳችንን አናታልል። ዋይዝ ዳን ሕመሙን ወዲያው የሚያይ ጠባቂ፣ ቅርብ ሆስፒታልና ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል ባለቤት ነበረው። የቂሊንጦው ፈረስ ያለው ቀን ሠርቶ ማታ ፉርሽካ የሚገዛለት አንድ ልጅ ነው። ኦፕራሲዮኑ ቢገኝ እንኳ የወራቱን እረፍት ማን ይችለዋል? ፈረሱ ሲተኛ ቤተሰቡም ጾሙን ያድራል። ለጋሪ ፈረስ ኦፕራሲዮን ማለት ግብ ጠባቂ በሌለው ቡድን ወደ ፍፁም ቅጣት ምት መሄድ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በ90 ደቂቃው ውስጥ ማለቅ አለበት።

እንዴት? አንደኛ፣ ባለ ጋሪዎች የመጀመሪያውን ምልክት አይናቁ። ፈረሱ መብል ከተወ፣ ጎኑን ካየ፣ ፋንድያ ካቆመ፣ «ነገ እናያለን» ማለት አይሠራም። አረቄ በጠርሙስ በአፉ መጋት ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ ማስሮጥም አያድነውም። ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ማግኘቱ ግን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቱቦውና የሕመም ማስታገሻው በእጁ ይኑር፣ እሁድም ይገኝ። ቁርጠት ሰኞን አይጠብቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ብዙም ሳይርቅ ቢሾፍቱ ነው። እንደ ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቸሪ ያሉ ድርጅቶችም በአገራችን ለጋሪ ፈረስና ለአህያ ለዓመታት ሠርተዋል። እውቀቱ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱን አጭር ማድረግ ነው የቀረው።

ሦስተኛው የእኛ የደጋፊዎች ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠኑና በስብሰው አፈር የማይሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ግን ሜዳ ዳር የወደቀውን አያነሳም። የሰፈር ውድድር አዘጋጆች ለዋንጫና ለማሊያ የሚያዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ሁለት በርሜል ለቆሻሻ ያቁሙ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱም ቡድኖች ከነደጋፊዎቻቸው ሜዳውን ዞረው ፌስታል ይልቀሙ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከጭማሪ ሰዓት ያነሰ ነው።

ያ ልጅ ማታ ላይ ጋሪውን በጓደኞቹ አስገፍቶ ሄደ። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ ዛሬ ብንጠየቅ አናስታውስም።