ቤተ መጻሕፍት የመቀመጫ ቦታ ብቻ ነውን?

የፈተና ሰሞን በደረሰ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የሚታየው ሰልፍ ለተመልካች ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጠረጴዛዎቹን ቢቃኝ ደስታው በጥያቄ ይለወጣል። በብዙዎቹ ተማሪዎች ፊት የተዘረጋው ከመደርደሪያ የወጣ መጽሐፍ ሳይሆን መምህሩ የሰጠው ሃንድአውት ነውና። ተማሪው የመጣው መብራትና ወንበር ፈልጎ ከሆነ፣ መጻሕፍቱ ለማን ተሰበሰቡ?

ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሃንድአውት ብቻ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ የቀረበለትን ጉዳይ ከሌላ ምንጭ ጋር ሳያመሳክር በፊቱ ያለውን ወረቀት ብቻ አምኖ ለመፈረም ይቀናዋል። ጉዳቱም የሚደርሰው በባለጉዳዩ ላይ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ተማሪውን ሰነፍ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክለኛ ግን አይደለም። ፈተናው ከሃንድአውቱ የሚወጣ ከሆነ፣ አምስት መጻሕፍት ያነበበው ተማሪ ሃንድአውቱን ከሸመደደው ጓደኛው የሚበልጥ ውጤት አያገኝም። በዚህ ላይ አንዱ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች አይዳረስም፤ የኢንተርኔት መስመርም በተፈለገ ጊዜ ሁሉ አይገኝም።

ይሁን እንጂ በእጃችን ያለው ሀብት ጥቂት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ አያሌ መጻሕፍት ተከማችተዋል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም፣ እንደ ሪቻርድ ፓንክረስትና ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ባሉ ሰዎች ድካም፣ ስለ አገራችን የተጻፉ መጻሕፍትንና የብራና ጽሑፎችን ሰብስቦ ለተመራማሪ አዘጋጅቷል።

ዘመኑ ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ1994 ዓ.ም. የጀመረው ሂናሪ የተባለው አገልግሎት፣ በውድ ዋጋ የሚሸጡ የሕክምና መጽሔቶችን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባል። ለእርሻ ጥናትም አጎራ የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ኢትዮጵያ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። ሆኖም የመግቢያውን መንገድ ያልጠየቀ ተማሪ፣ በሩ ተከፍቶለት ሳለ ከውጭ ቆሞ ይቀራል።

መንገዱን የሚያውቀው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። ብዙዎቻችን ግን ይህን ባለሙያ መጽሐፍ አውጥቶ የሚሰጥና ቦርሳ የሚፈትሽ ሰው አድርገን እናየዋለን። ሥራው ግን ዕውቀት በየፈርጁ መመደብ፣ ፈላጊውንም ከተፈላጊው ማገናኘት ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ባለሙያ ስንት ጥናት እንዳጎደለ ማን ይቈጥራል?

የመምህራንም ግዴታ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የተደረገ ምርምር ውጤቱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ማከማቻ እንዲገባ ያዝዛል። ይህ በሚገባ ቢፈጸም፣ ስለ አንድ ወረዳ ውሃ ወይም አፈር የተጻፈ ጥናት በመደርደሪያ አቧራ ከሚለብስ፣ በዚያው ወረዳ ላለው ሹም መመሪያ ይሆናል።

እንግዲህ መፍትሔው አዲስ ሕንጻ መሥራት ብቻ አይደለም። መምህሩ ከሃንድአውቱ ውጭ ካላነበቡ የማይመለስ አንድ ጥያቄ በየትምህርቱ ይስጥ፤ ባለሙያው በዓመቱ መጀመሪያ የፍለጋውን ዘዴ ለአዲስ ገቢዎች ያስተምር፤ ተማሪውም ሃንድአውቱን እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አይቊጠረው። ያን ጊዜ በደጃፉ የምናየው ሰልፍ የወንበር ሳይሆን የዕውቀት ፈላጊዎች ሰልፍ ይሆናል።