ታሪኩን ወይስ ሽጉጡን?

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ታሪክ ያለው ዕቃ ታሪክ ከሌለው በውድ እንደሚሸጥ ነጋሪ አያስፈልገኝም። ስለዚህ አሜሪካ ያሉ የጥንት ሽጉጥ ሰብሳቢዎች «ታሪኩን ሳይሆን ሽጉጡን ግዛ» እንደሚባባሉ ሳነብ ሙያዬን የሰደቡብኝ ያህል ተሰማኝ።

ነገሩን ሳየው ግን እውነት አላቸው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን «ኒው ሞዴል ቁጥር 3» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1878 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ መሠራት የጀመረ ሪቮልቨር ነው። ከመሐሉ ታጥፎ ሲከፈት ቀለሃዎቹን ባንዴ ይተፋል። የዒላማ ተኳሾች ስለወደዱት ኋላ ላይ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል፣ ለነሱ ብቻ የታሰበ ዓይነት ወጣለት።

አሁን አንድ ሻጭ «ይሄ የዋልተር ዋይናንስ ነበር» አላችሁ እንበል። ዋይናንስ ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ አሜሪካዊ ባለጸጋና ስመ ጥር የሪቮልቨር ተኳሽ ነው። በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ በተኩስ ወርቅ አገኘ፤ በ1912 ስቶክሆልም ላይ ደግሞ (እንዳትስቁ) በቅርጻ ቅርጽ! ያኔ ኪነ ጥበብም የኦሎምፒክ ውድድር ነበር። እኔም ብሆን ማስታወቂያዬን በሱ ስም ነበር የምጀምረው።

ሻጩን የሚያፋጥጠው የፋብሪካው የድሮ መዝገብ ነው። እጀታው ሥር የተመታውን ቁጥር ልካችሁ ክፍያውን ስትፈጽሙ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፦ ሽጉጡ መቼ ከፋብሪካ ወጣ፣ ለማን ተላከ፣ አፈሙዙ ስንት ኢንች ነበር፣ ኒኬል የተለበጠ ነው ወይስ ሰማያዊ።

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ቅስም ይሰብራል። የተላከው ለጀግና ሳይሆን ለነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ለማን እንደሸጠው መዝገቡ አያውቅም። ሌላም ጉድ ያወጣል። እጃችሁ ላይ የሚያብረቀርቀው ኒኬል ሽጉጥ ሲወጣ ሰማያዊ ከነበረ፣ መሐል ላይ አንዱ «ላሳምረው» ብሎ አስለብጦታል ማለት ነው። ሰብሳቢ ደግሞ ከአዲስ ልባጥ ይልቅ የተፋፋቀውን የጥንት ቀለም ይመርጣል። (የአያቶቻችሁን ዕቃ ወልውሉ ወልውሉ የሚላችሁ እናንተም አትቸኩሉ።)

ይህን ሁሉ የማወራው እኛ ቤት አንድ የሎንጂን ሰዓት ስላለ ነው። ጃንሆይ ለአያቴ የሸለሟቸው ነው ይባላል፤ ለቅሶም ሠርግም ላይ ይወራል። ሎንጂንም እንዲሁ የቆየ መዝገብ አለው፤ ቁጥሩን ለላከ ሰው ሰዓቱ መቼ ለየትኛው ወኪል እንደተሸጠ ይነግራል። ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ከፍቶልኝ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጻፍኩ።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። አያቴ ሽልማቱን ተቀበሉ ከሚባልበት ዓመት በኋላ የተሸጠ ቢሆንስ? «ተይው ልጄ» አለችኝ፣ «እሳቸው ሞተዋል፣ ሰዓቱም ቆሟል።»

ኢሜይሉን ጽፌ ጨርሻለሁ። እስካሁን አልላክሁትም።