ሲያሳሳ!

ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የአቦሸማኔ ግልገል ተኝቷል። የአሠሪዎቿ ልጆች መጫወቻ ነው። እኔም ሳላስብ «ሲያሳሳ!» ብዬ ሦስት ልብ ደረደርኩበት። ከወር በኋላ «ያ ሚጢጢስ እንዴት ሆነ?» ስላት «ሞተ እኮ። ሌላ እናመጣለን እያሉ ነው» አለችኝ።

«ሌላው» የሚመጣው ከየት መሰላችሁ? ከእኛው ሰፈር ነው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሶማሌላንድና ከሶማሊያ ቆላ ከእናታቸው የተነጠቁ ግልገሎች ተደብቀው ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች ሳሎን። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ግልገሉ ማደን የሚማረው ከእናቱ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ ቢተርፍም እንኳ ዱር መልሶ መልቀቅ እጅግ ከባድ ነው። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,000 ገደማ ናቸው ይባላል። ግልገል ሲሸጥ የተያዘውን ምስኪን አርብቶ አደር መርገም ቀላል ነው። እሱ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ገበያውን የሚያሞቀው «ሲያሳሳ» እያለ ልብ የሚደረድረው ሰው ነው። እኔ ነኝ ማለት ነው።

«እኔ ግን እንስሳ ወዳድ ነኝ፤ የምሄደውም ለበጎ ፈቃድ ሥራ ነው» የምትሉ፣ እናንተም አታመልጡም። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣቶች ለዓመታት ብዙ ገንዘብ እየከፈሉ «እናታቸው የሞተችባቸው» የተባሉ የአንበሳ ደቦሎችን በጡጦ ሲያጠቡ ኖረዋል። አድገው ዱር ይገባሉ ተብለው ነው። የብዙዎቹ ደቦሎች እናት ግን አልሞተችም፤ አጥር ውስጥ ነበረች። በተወለዱ በቀናት ውስጥ የሚነጥቋት ቶሎ ደግማ እንድትወልድ ነው። ደቦሎቹ ከፍ ሲሉ ከቱሪስት ጋር ይንሸራሸራሉ፤ ሲያድጉ ደግሞ ማምለጫ በሌለው ግቢ ውስጥ ከፍሎ ለሚተኩስ «አዳኝ» ይቀርባሉ። አጥንታቸው ወደ እስያ ይሸጣል። «ብለድ ላየንስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ይህን በ2015 እ.ኤ.አ. አደባባይ አወጣው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን አንበሳን እያረቡ መነገድ ይቁም ብሎ መከረ፤ ሚኒስትሯ ባርባራ ክሪሲም ምክሩን ተቀበሉ። ያ ሁሉ ጡጦ የያዘ ልጅ ክፉ አልነበረም። ፍቅሩ የእውነት ነበር። ነገር ግን የተኩሱን ወጪ አብሮ ከፍሏል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ደቦል የሚታቀፈው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። ስለዚህ መታቀፍን የሚሸጥ ቦታ ሁልጊዜ አዲስ ደቦል ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ ደቦል የማይጠፋበት ግቢ ካያችሁ፣ እዚያ እንስሳ አይታደጉም፤ ያረባሉ። ጠይቁ፦ እናቱ የት አለች? ሲያድግ የት ይሄዳል? ያለፈው ዓመት ደቦሎችስ የት ገቡ? መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ታዲያ ያለ በጎ ፈቃደኛ ገንዘብ ማገገሚያዎቹ በምን ሥጋ ይገዛሉ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አንበሳ ጎመን አይበላም። ግን ገንዘብ መስጠትና መንካት ምን አገናኛቸው? ሆለታ አካባቢ ያለውን የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል ውሰዱ። ከሕገ ወጥ ነጋዴና ከጠባብ ጎጆ የዳኑ አንበሶችና አቦሸማኔዎች አሉበት። ዱር መመለስ የማይችሉት ሰፊ ግቢ ተሰጥቷቸው ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚፈልገው አጥር የሚጠግን፣ ሥጋ የሚቆርጥ፣ ፋንድያ የሚጠርግ ሰው ነው። የፋንድያ ሰልፊ ደግሞ ማንም ላይክ አያደርግም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይሄ ጉዳይ «የፈረንጅ ቅንጦት» መባሉ ነው። በዓለም ላይ አህያ በብዛት ያለው እኛ አገር ነው፤ ጀርባዋ የገጠበ አህያ በየቀኑ በራችን ላይ ታልፋለች። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሕፃናት ይገድልብናል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን ሥርጭቱ እንደሚገታ የታወቀ ነው። ይሄን ለማድረግ ቪዛም የአውሮፕላን ቲኬትም አያስፈልግም። የእንስሳት ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ውሻውን ከቤቱ አውጥቶ የሚያመጣና ገመድ የሚይዝ ጎረቤት ይበቃል።

የአክስቴ ልጅ በቀደም ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። አዲሱ ግልገል መጥቷል፤ ዓይኑ ገና ሰማያዊ ነው። በዚህ ጊዜ ልብ አልላክሁም። «እባክሽ ለማንም አታሳዪው» አልኳት። ለምን ብላ ደወለችልኝ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሄንኑ ለእናንተ የጻፍኩትን ነገርኳት። እሷ አሠሪዎቿን መናገር አትችልም፣ እንጀራዋ ነው። እኔና እናንተ ግን እንችላለን፤ ልብ ከመደርደር ማቆም እንችላለን።