የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ድምፅ አሰጣጥ

የዩሮቪዥን ድምፅ አሰጣጥ በየዓመቱ በሚካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር አሸናፊው የሚለይበት የድምፅ አሰባሰብ፣ አቆጣጠርና አቀራረብ ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው በ1950 የተመሠረተው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአገር ስም ቢጠሩም በደንቡ መሠረት ተሳታፊዎቹ የኅብረቱ አባል የሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው። ዘፋኙን የሚልኩት፣ የአገሩን ዳኞች የሚመርጡት፣ ውድድሩን ለሕዝባቸው የሚያስተላልፉትና ነጥቡን በቀጥታ ሥርጭት የሚያነበውን ሰው የሚመድቡት እነዚሁ ጣቢያዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣቢያዎቹ በዚህ ረገድ ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው ድምፁ በትክክል እንዲቆጠር ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቆጠራውን ተመልካች እስከ መጨረሻው በጉጉት የሚከታተለው ትርኢት ማድረግ ነው። ከ1956 ወዲህ ከተደረጉት የደንብ ለውጦች ብዙዎቹ የመጡት እነዚህ ሁለት ሥራዎች እየተጋጩ ነው። በተለይ ከ2006 በኋላ ትርኢቱ ይበልጥ ልብ አንጠልጣይ እየሆነ በሄደ ቁጥር ስሌቱ ከተመልካች ዓይን እየራቀ መጥቷል።

የነጥቡ አሠራር

በፍጻሜው ውድድር እያንዳንዱ አገር ሁለት የነጥብ ዝርዝር ይሰጣል። አንዱ ከሙዚቃ ባለሙያዎች የተውጣጡ ዳኞች የሚሰጡት ሲሆን፣ ሌላው በስልክ ጥሪ፣ በአጭር መልእክት ወይም በኢንተርኔት ድምፅ የሚሰጡ ተመልካቾች ነው። በእያንዳንዱ ዝርዝር አንደኛ የወጣው ዘፈን 12፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 8 ነጥብ ያገኛል። ከአራተኛ እስከ ዐሥረኛ ያሉት ከ7 እስከ 1 ነጥብ ይወስዳሉ። ከዐሥረኛ በታች ያለ ዘፈን ምንም አያገኝም። አንድ ዝርዝር በድምሩ 58 ነጥብ ነው። ማንም አገር ለራሱ ዘፈን ድምፅ መስጠት አይችልም።

ይህ አሠራር ሁለት ውጤቶች አሉት። የመጀመሪያው የሕዝብ ብዛት ለውጥ አለማምጣቱ ነው፤ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ጀርመንና ትንሿ ደሴት ማልታ እኩል 58 ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለተኛው በድምፆች መካከል ያለው ርቀት መጥፋቱ ነው። አንድ ዘፈን በአንድ ድምፅም ይምራ በመቶ ሺህ ድምፅ፣ የሚያገኘው ያው 12 ነጥብ ነው። በሁሉም አገሮች ዐሥራ አንደኛ የወጣ ዘፈን ደግሞ በሰሌዳው ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል። በ2021 በሮተርዳም በተደረገው ፍጻሜ የአስተናጋጇ ኔዘርላንድስ፣ የብሪታንያ፣ የጀርመንና የስፔን ዘፈኖች ከተመልካቾች ዜሮ ነጥብ አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ማንም ድምፅ አልሰጣቸውም ማለት አይደለም፤ በየትኛውም አገር ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ውስጥ አልገቡም ማለት ነው።

ከምስጢር ወደ ነጥብ ሰሌዳ

የመጀመሪያው ውድድር ግንቦት 24 ቀን 1956 በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ በሰባት አገሮች መካከል ተካሄደ። ዳኞቹ ድምፃቸውን የሰጡት በምስጢር ነበር። ይፋ የሆነው የአሸናፊዋ የአስተናጋጇ የስዊዘርላንድ ስም ብቻ ሲሆን ሌሎቹ ያገኙት ነጥብ እስከ ዛሬ አልታተመም።

በ1957 በፍራንክፈርት ይህ ተለወጠ። የየአገሩ ዳኞች ውጤት በስልክ እየተነገረ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ጀመር። ለራስ አገር ድምፅ መስጠትም ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የነጥብ ንባቡ እንደ ዘፈኖቹ ሁሉ የዝግጅቱ አካል ሆነ፤ ተመልካቹም እያንዳንዱን ነጥብ እየሰማ እቤቱ ሆኖ መደመር ይችል ነበር።

ግልጽነቱ ግን ስህተትንም ለሁሉም አሳየ። በ1963 በለንደን የኖርዌይ ነጥብ አንባቢ አነባበቡን ስላላስተካከለ አቅራቢዋ ኬቲ ቦይል በመጨረሻ ላይ ተመልሳ ጠየቀችው። ሲመለስ ያነበበው ነጥብ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ዴንማርክ ስዊዘርላንድን 42 ለ40 በልጣ አሸነፈች፤ በመጀመሪያው ንባብ ቢጸና ኖሮ አሸናፊዋ ስዊዘርላንድ ትሆን ነበር። በ1969 ደግሞ በማድሪድ ስፔን፣ ብሪታንያ፣ ኔዘርላንድስና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው 18 ነጥብ አገኙ። እኩል ነጥብ የሚለይበት ደንብ ስላልነበረ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። በማግስቱ ዓመት በርካታ አገሮች ቀርተው 12 ብቻ ተወዳደሩ። ዛሬ የሚሠራበት ከ12 እስከ 1 ያለው የነጥብ አሰጣጥ በ1975 በስቶክሆልም ተጀመረ።

የተመልካቾች ድምፅ መግባትና የዳኞች መመለስ

በ1997 ኦስትሪያ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ስዊዘርላንድና ብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥባቸውን በተመልካቾች የስልክ ጥሪ ወሰኑ። በ1998 አብዛኞቹ አገሮች ተከተሏቸው። ለጣቢያዎቹ ይህ ተመልካቹን ተሳታፊ ያደረገ ለውጥ ነበር። ነገር ግን ጎረቤት ለጎረቤት፣ በስደት የሚኖር ሕዝብም ለትውልድ አገሩ ድምፅ የመስጠት ልማዱ ጎልቶ ታየ። ቅሬታው ሲበረታ ኅብረቱ በ2009 በሞስኮ ፍጻሜ ዳኞችን መልሶ ውጤቱን እኩል በእኩል አካፈለ።

ዳኞቹ ድምፅ የሚሰጡት ተመልካቹ በሚያየው የቀጥታ ሥርጭት ላይ ተመሥርተው አይደለም። ውጤታቸውን የሚሰጡት ከዋናው ምሽት አንድ ቀን ቀደም ብሎ በሚደረገው ሙሉ ልምምድ ነው። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ በልምምዱ ቀን ድምፁ ቢታመምና በማግስቱ ቢሻለው፣ ዳኞችና ተመልካቾች የሚመዝኑት የተለያየ ዝግጅት ነው።

የሁለቱ ወገኖች ምርጫ በጣም ሊራራቅ ይችላል። ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደችው ኤደን አለነ በ2021 እስራኤልን ወክላ ፍጻሜ ስትደርስ ካገኘችው 93 ነጥብ 73ቱ ከዳኞች፣ 20ው ከተመልካቾች የመጣ ሲሆን 17ኛ ሆናለች። (ወረርሽኙ ባሰረዘው የ2020 ውድድር ልታቀርበው የነበረው ዘፈን አማርኛ ቃላት ነበሩበት።) በ2023 በሊቨርፑል የፊንላንድ ዘፈን ከተመልካቾች 376 ነጥብ፣ የስዊድኗ ሎሪን ደግሞ 243 አግኝተው ነበር። ከዳኞች ግን ሎሪን 340፣ ፊንላንድ 150 ስላገኙ ስዊድን 583 ለ526 አሸነፈች።

ውጤቱ በቴሌቪዥን የሚቀርብበት መንገድ

የተሳታፊ አገሮች ቁጥር ሲጨምር ሁሉንም ነጥብ ማንበብ ረጅም ሰዓት ወሰደ። ከ2006 ጀምሮ ነጥብ አንባቢዎች 8፣ 10 እና 12 ብቻ እንዲያነቡ፣ ከ1 እስከ 7 ያሉት በስክሪን ላይ እንዲታዩ ተደረገ። ከ2011 ጀምሮ የአገሮቹ የንባብ ቅደም ተከተል የዳኞች ውጤት ከታወቀ በኋላ አሸናፊው ቶሎ እንዳይለይ ታስቦ መዘጋጀት ጀመረ። ተመልካቹ በአጋጣሚ የመጣ የሚመስለው ፉክክር በከፊል የቅደም ተከተሉ ውጤት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2016 በስቶክሆልም ነው። ከዚያ በፊት የአንድ አገር ዳኞችና ተመልካቾች ውጤት ተደምሮ አንድ ዝርዝር ይሆን ነበር። ከ2016 ወዲህ ሁለቱ ለየብቻ ቀረቡ። ነጥብ አንባቢዎች የሚናገሩት የዳኞችን 12 ነጥብ ብቻ ሆነ። የሁሉም አገሮች ተመልካቾች ነጥብ ደግሞ ተደምሮ ለእያንዳንዱ ዘፈን በአንድ ቁጥር ይነገራል። በዚያ ዓመት አውስትራሊያ በዳኞች፣ ሩሲያ በተመልካቾች አንደኛ ሆኑ። ያሸነፈችው ግን በሁለቱም ሁለተኛ የነበረችው የዩክሬኗ ጃማላ ናት፤ 211 ከዳኞች፣ 323 ከተመልካቾች፣ በድምሩ 534።

ከ2019 ጀምሮ የተመልካቾች ነጥብ የሚነገረው በዳኞች ዘንድ መጨረሻ ከወጣው ዘፈን ተነሥቶ ወደ አንደኛው ነው። በመሆኑም የዳኞቹ መሪ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቁጥር ይጠብቃል፤ ውጤቱም እስከ መጨረሻው ሰከንድ አይታወቅም። የዚህ ዋጋ ግን አለ። የትኛው አገር ሕዝብ ለማን ስንት ሰጠ የሚለው በሥርጭቱ ላይ አይሰማም፤ የሚታተመው ከፍጻሜው በኋላ ነው። በ1957 ተመልካቹ እያንዳንዱን ነጥብ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ግማሹን ውጤት የሚሰማው ተደምሮ ባለቀ ቁጥር ነው።

ስህተቶችና ውዝግቦች

የሚታየው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። የሳን ማሪኖ ስልክ ከጣሊያን መሥመር ጋር የተያያዘ በመሆኑ የአገሪቱን ተመልካቾች ድምፅ ለብቻ መለየት አልተቻለም። ለዓመታት «የሳን ማሪኖ ሕዝብ ነጥብ» ተብሎ የተቆጠረው ከሌሎች አገሮች ውጤት በስሌት የወጣ ነው።

በ2019 በቴል አቪቭ የቤላሩስ ዳኞች የግማሽ ፍጻሜ ምርጫቸውን ቀድመው በመናገራቸው ተነሡ፤ በምትካቸው ከሌሎች አገሮች ዳኞች ውጤት የተሰላ ዝርዝር ገባ። ዝርዝሩ ግን ተገልብጦ ስለገባ ዝቅተኛ ነጥብ የነበራቸው ከፍተኛውን ወሰዱ። በቀጥታ ሥርጭቱ ለእስራኤል የተነገረው 12 ነጥብ ለማልታ የሚገባ ነበር። ስህተቱ የታረመው ከቀናት በኋላ ነው። አሸናፊዋ ኔዘርላንድስ አልተለወጠችም፤ በዳኞች አንደኛ ተብላ የነበረችው ስዊድን ግን ቦታውን ለሰሜን መቄዶንያ ለቀቀች። በስርጭቱ ወቅት ስህተቱን ሰሌዳው ሊያሳይ አልቻለም፤ ያገኙት ቁጥሮቹን በኋላ ያመሳከሩ ሰዎች ናቸው።

በ2022 በቱሪን ኅብረቱ የአዘርባጃን፣ የጆርጂያ፣ የሞንቴኔግሮ፣ የፖላንድ፣ የሩማንያና የሳን ማሪኖ ዳኞች እርስ በርስ ከፍተኛ ነጥብ የመሰጣጠት አዝማሚያ አሳይተዋል በሚል ነጥባቸውን በተሰላ ዝርዝር ተካ። የሦስቱን አገሮች ነጥብ ያነበቡት የውድድሩ ዋና ተቆጣጣሪ ማርቲን ኦስተርዳል ናቸው፤ አንዳንድ ጣቢያዎችም ተቃውሞ አሰሙ። በ2024 በማልሞ የኔዘርላንድስ ተወዳዳሪ በፍጻሜው ዕለት ሲታገድ የአገሪቱ ጣቢያ ነጥብ አላነብም አለ፤ ኦስተርዳል በአዳራሹ ጩኸት መካከል አነበቡት። ነጥብ ንባቡ ለጣቢያዎች የተቃውሞ መድረክም ሊሆን እንደሚችል ይህ አሳየ።

የ2025 ክርክርና የተከተለው ለውጥ

በ2025 በባዝል ኦስትሪያ በ436 ነጥብ አሸነፈች። እስራኤል በ357 ነጥብ ሁለተኛ ስትሆን ከዳኞች 60፣ ከተመልካቾች 297 አግኝታ በተመልካቾች ድምፅ አንደኛ ነበረች። ከውድድሩ በኋላ የስፔንና የቤልጂየም ፍላንደርስ ጣቢያዎችን ጨምሮ የተወሰኑ አባላት የሕዝብ ድምፁ እንዲመረመር ጠየቁ። የእስራኤል መንግሥት የማስታወቂያ ተቋም በኢንተርኔት ከፍሎ ተመልካቾች እንዲመርጡ መቀስቀሱም ተዘገበ። ኅብረቱ ቆጠራው ተረጋግጦ ትክክል መሆኑን ገለጸ።

ክርክሩ ግን ከቆጠራው ይልቅ ደንቡን የሚመለከት ነበር። በወቅቱ አንድ ሰው በአንድ የመክፈያ መንገድ እስከ 20 ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ለምሳሌ ዐሥር ሰዎች ሃያ ሃያ ድምፃቸውን ለአንድ ዘፈን ቢሰጡ 200 ድምፅ ይሆናል። አንድ አንድ ድምፅ የሚሰጡ 200 ሰዎች ምርጫቸውን በ25 ዘፈኖች ላይ ቢበትኑ ግን ለአንዱ በአማካይ 8 ድምፅ ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ የተደራጀ አነስተኛ ቡድን፣ ምክንያቱ የዘፈን ፍቅርም ሆነ ፖለቲካ፣ ከብዙ ያልተደራጁ ተመልካቾች ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑ በትክክል ቆጥሮም ቢሆን የሚለካው የወዳጆችን ብዛት ሳይሆን የጥቂቶችን ብርታት ሊሆን ይችላል።

ኅብረቱ በኖቬምበር 2025 ለ2026ቱ የቪየና ውድድር የሚሆኑ ለውጦችን ይፋ አደረገ። የአንድ መራጭ ከፍተኛ ድምፅ ከ20 ወደ 10 ዝቅ አለ። በ2023 ከግማሽ ፍጻሜ የወጡት ዳኞች እንዲመለሱ፣ ቁጥራቸውም በአገር ከአምስት ወደ ሰባት እንዲያድግ፣ ከእነዚህም ቢያንስ ሁለቱ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ወጣቶች እንዲሆኑ ተወሰነ። በመንግሥታት የሚደገፍ ከመጠን ያለፈ ቅስቀሳንም የሚገታ ደንብ ወጣ። በዲሴምበር አባላቱ በጄኔቫ ተሰብስበው ለውጦቹን ተቀበሉ፤ የእስራኤል ተሳትፎ ለብቻው ድምፅ አልተሰጠበትም። የስፔን፣ የአየርላንድ፣ የኔዘርላንድስና የስሎቬንያ ጣቢያዎች በጋዛው ጦርነት ሳቢያ ከ2026ቱ ውድድር እንደሚወጡ አስታወቁ፤ አይስላንድም ተከተለች።

ከፍጻሜው በኋላ የየአገሩ የዳኞችና የተመልካቾች ነጥብ ይታተማል፤ ዳኞቹ እያንዳንዳቸው የሰጡት ደረጃም እንዲሁ። ከየአገሩ የተላኩት ድምፆች ብዛትና ስንት ሰዎች እንደላኳቸው ግን በመደበኛነት አይታተምም። ዳኛው የሰጠውን ደረጃ ማንም አንባቢ መመርመር ሲችል የሕዝቡን ድምፅ በተመለከተ ግን የኅብረቱን ቃል መቀበል ይኖርበታል። የ2019ኙ ስህተት የተገኘው ቁጥሮቹ ለሁሉም ስለታተሙ ነው።