አምስተኛው «ማ»

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የተሰኙት አምስቱ «ማዎች» በብዙ ፋብሪካዎች የታወቁ ቃላት ሆነዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአጭር ጊዜ በዓይን ይታያሉ፤ ማዝለቅ ግን የሚፈተነው አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ነው። በኮምቦልቻ የሽመና ማሽን የምታንቀሳቅስ ሠራተኛ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ ከኃላፊዋ አስቀድማ ልታውቅ ትችላለች፤ ያቀረበችው ሐሳብ ምላሽ ካላገኘ ግን ዳግመኛ አትናገርም። ስለሆነም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ለውጡ በተተገበረ ማግሥት የታየውን ውጤት ብቻ ለክተው ሊደመድሙ አይገባም። ከዓመት በኋላ ተመልሶ፣ ከሠራተኞች ሐሳብ ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ስንቱስ ያለ መልስ እንደቀረ መቁጠር ያስፈልጋል። ለአንድ ተመራቂ ጊዜው ባይበቃ፣ ተከታዩ ተማሪ እርሱ ካቆመበት ይቀጥል።