ቁጣ መርከብ አያራግፍም

"የባህር በር" የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር የብዙዎቻችን ደም ይሞቃል። ይሙቅ፤ ክፋት የለውም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ወደብ አልባ አገር ልጅ ስለ ባህር ባያስብ ነበር የሚገርመው። ግን እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ፦ ለመሆኑ ወደብ ምን ይሠራል? ማንን ያበላል? ማንንስ ያስከፍላል? ይሄን ሳያውቁ ስለ ባህር በር መጮህ ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ መከራከር ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ጅቡቲን እንይ።

ሕዝቧ 1 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የሚታረስ መሬቷም እዚህ ግባ አይባልም። አብዛኛውን ምግቧን ከውጭ ታስገባለች። ታዲያ በምን ትኖራለች ካላችሁ፣ በዋናነት በቦታዋ ነው። እስያንና አውሮፓን የሚያገናኘው የመርከብ መስመር በባብ ኤል መንደብ በኩል በደጇ ያልፋል። ከጀርባዋ ደግሞ እኛ አለን።

ቦታ ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነታችንም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ አጋጣሚውን አልተኛችበትም። ዶራሌ ላይ መጀመሪያ የነዳጅ ተርሚናል ሠራች፤ በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሁለገብ ወደብ ከፈተች። በዚያው በ2009 አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያች ትንሽ አገር በኩል ነው የሚያልፈው።

አሁን ይሄ ነገር እናንተ ቤት እንዴት እንደሚገባ ልብ በሉ።

ማዳበሪያ በመርከብ በጅምላ ይመጣል፣ ወደቡ ላይ በከረጢት ይሞላል፣ ከዚያ በተሳቢና በባቡር ወደ መሀል አገር ይጓዛል። ክረምት ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምም። ማዳበሪያው መንገድ ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ ጎጃም ወይም አርሲ ያለው ገበሬ የዘር ጊዜው ያልፈዋል፤ እኛም ወራት ቆይተን በጤፍና በስንዴ ዋጋ እንከፍለዋለን። ነዳጅም ያው ነው። በጋላፊ መንገድ ላይ ቦቴዎች ሲቆሙ ማደያው በር ላይ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ ደግሞ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ዲመሬጅ የሚሉት እሱን ነው። የሚከፍለው አስመጪው ይመስለናል። አይደለም! አስመጪው ዋጋው ላይ ይደምረዋል፤ ከፋዩ ሱቅ ሄዶ ዕቃውን የሚገዛው ሰው ነው።

ታዲያ መዘግየቱ ሁሉ የወደቡ ጥፋት ነው እንዴ? እዚህ ላይ ነው ራሳችንን ማየት ያለብን። ሰነዱ ሳይሟላ ዕቃው ቀድሞ የሚደርሰው፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ክፍያ የሚጓተተው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚከመረው በማንም ሳይሆን በእኛው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ የምንልከው ከምናስገባው በብዙ ማነሱ ነው። ብዙው ኮንቴይነር ሞልቶ ይመጣና ባዶውን ይመለሳል። የባዶው ጉዞ ሒሳብም ዞሮ ዞሮ እኛው ላይ ነው የሚያርፈው። ነገ ጠዋት የራሳችን ወደብ ቢኖረን እንኳ፣ የምንልከው ከሌለን፣ ባዶ ኮንቴይነር የምንጭንበት ወደብ ነው የሚሆነው።

ይሄ ማለት ግን የባህር በር ጥያቄው ይቅር ማለት አይደለም። አንድ ሻጭ ብቻ ካለ ገዢ አፍ የለውም፤ በአንድ በር ብቻ የሚወጣ ንግድም እንዲሁ ነው። አማራጭ እየመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. በርበራ ላይ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኬንያ የላሙን ወደብ ሥራ አስጀመረች። ወደቦቹ ለጭነታችን ሲፎካከሩ መደራደር የምንችለው እኛ ነን። ለዚህ ግን ወደቡ ብቻ አይበቃም፤ እስከዚያ የሚያደርስ ደህና መንገድ፣ ፈጣን ጉምሩክና የሚላክ ምርት ያስፈልጋል።

ጎረቤትንም እንደ ጠላት ማየት አያዋጣም። ጅቡቲ ከኛ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ አትክልትና ፍራፍሬም ከኛ ይሄድላታል። እኛ ስንነግድ እሷ ታተርፋለች፤ እኛ ስንቆም የእሷም ክሬን ይቆማል። በሰላም፣ በሕግና በጥቅም የተሳሰረ በር ነው ዘላቂ የሚሆነው።

ስለዚህ ወገን፣ ፕሮፋይል ላይ የቀይ ባህርን ፎቶ መለጠፍ ቀላል ነው። ከባዱን እንጀምር። ሎጂስቲክስ የምትማሩ፣ ትምህርቱን እንደ ተራ ነገር አትዩት፤ ይሄ አገር ከሁሉ በላይ የሚቸግረው እሱ ነው። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ሥጋ ወይም ፍራፍሬ አዘጋጅታችሁ ለውጭ ገበያ ለማቅረብ የምታስቡ፣ የባዶውን ኮንቴይነር የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ሌሎቻችን ደግሞ ባለሥልጣን ስናገኝ "ባህር መቼ ነው?" ብቻ ብለን አንመለስ። አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ወርዶ ሞጆ ለመግባት ስንት ቀን ይፈጅበታል? ከሚመለሱት ውስጥስ ስንቱ ሞልቶ ይመለሳል? ብለን እንጠይቅ። መልሱን በየዓመቱ እንከታተል። ቀኑ ሲያጥርና ጭነቱ ሲጨምር፣ ያኔ ስለ ባህር በር ስንናገር የሚሰማን አናጣም።